መልስ፦ ድርጅታችን ለትምህርት ቤት ይለግሳል፣ እኛ ግን እስከ እኩለ ሌሊት እንሠራለን

ወንድሜ፣ «ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚለግስ የሶፍትዌር ድርጅት ሠራተኞቹን በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ካስመሸ ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጥቷል ወይ?» ብለሃል። አልተወጣም። ልገሳው ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ስለሚያሠራቸው ሰዎች ነው።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ያውም ለአስቸኳይ ሥራና ለመሳሰለው ነው እንጂ የዘወትር ልማድ እንዲሆን አይደለም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሠራኸው የትርፍ ሰዓት ሥራ የሰዓት ደመወዝህ በ1.75 ይባዛል።

እኔም እንዲህ ሠርቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ልጄን የማያት ተኝታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጭንቀትህ ይገባኛል። ከዛሬ ጀምሮ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት መዝግብ። ከዚያ ብቻህን ሳትሆን ከባልደረቦችህ ጋር ሆናችሁ ኃላፊያችሁን አነጋግሩ።