ልጄ እንቁራሪት ላጥና አለችኝ ላሉን እናት

እናታችን፣ ጥያቄዎን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅዎ ሐዋሳ በባዮሎጂ ተመርቃ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በእንቁራሪትና በእንሽላሊት ዘረመል ነው የምሠራው» ብትልዎ፣ «ይሄ እንጀራ ይሆናታል ወይ? እባቡስ?» ብለው ጠየቁን። የእኔዋ እናት ደግሞ «የሰው ልጅ ሐኪም ሆኖ ይመጣል፣ አንተ ጉርጥ ይዘህ» ነበር ያለችኝ። እዚሁ ሐዋሳ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁና የማውቀውን ልንገርዎ።

ዝናብ ሲገባ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቦቲ ተጫምተው፣ ግንባርዎ ላይ ባትሪ አስረው ረግረግ ይገባሉ። የሚጮኸው ወንዱ ነው። መልካቸው የማይለይ ዝርያዎች በጩኸታቸው ስለሚለዩ ከመያዙ በፊት ድምፁ ይቀረጻል። ከተያዘ በኋላ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከጣቱ ጫፍ ቅንጣት ተቆርጣ 96 በመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ትገባለች። ሬሳና ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ዲኤንኤውን (የዘር መረጃውን የያዘውን) ስለሚያበላሸው ለዚህ አይሆንም።

በመጀመሪያው ዓመቴ የቱቦዎቹን ቁጥር በማርከር ጻፍኩ። ከወንዶ ገነት ስንመለስ መኪናው ሲንገጫገጭ የአንዱ ክዳን ላልቶ ኖሯል። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ስከፍት አልኮሉ ፈሶ፣ ሰማያዊ ቀለም ታች አቁሮ፣ አርባ ምናምን ቱቦ ባዶ ፊቱን ያየኛል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ምንም አይረባም። ያ ክረምት በዚያው ቀረ። ልጅዎ ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋ ቱቦው ውስጥ ትክተት፤ እርሳስ በአልኮል አይለቅም።

ይሄ ሁሉ ለምን ካሉኝ፣ የምንኖርበትን ቦታ ይዩት። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት። በምሥራቅ የባሌና የአርሲ ደጋ አለ፣ በምዕራብ ሌላው ደጋ። ብርድ የለመደ የደጋ እንቁራሪት ይሄን ቆላ አቋርጦ ማዶ አይደርስም፤ ስለዚህ በሁለቱ ወገን ያሉት ዘመድ ለዘመድ ተቆራርጠው ለየብቻቸው ተለወጡ። ፕቲካዴና የሚባሉትን የሣር እንቁራሪቶች ብንወስድ፣ ድሮ አንድ ዝርያ ተብለው የተመዘገቡት በዘረመል ሲታዩ ብዙ ሆነው ተገኙ። የእነዚህን የዝርያ አከፋፈል እንደገና በመረመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት ብቻ ከኢትዮጵያ ደጋ 4 አዳዲስ ዝርያዎች ተሰይመዋል፤ አንዷ የባሌዋን ሮቤን ስም ይዛለች። ልጅዎ የምትገባበት መስክ ገና ያላለቀ ነው ማለቴ ነው።

ከዚያ ጥናት ጀርባ ካሉት ተመራማሪዎች አንዱ ስቴፋን ቧሲኖ ነው። የእሱን መንገድ እወደዋለሁ። በአይጥ ዘረመል ጀመረ፣ በሰው ጂኖም (በጠቅላላው ዲኤንኤ) ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲኤንኤ ቁራጮችን አጠና፣ ወደ አሜሪካው አኖሊስ እንሽላሊት ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኛ እንቁራሪቶች መጣ። እንስሳው ሲቀያየር የሚጠይቀው ጥያቄና የሚሠራበት መሣሪያ አብሮት ሄደ። (የአኖሊስ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ከእንሽላሊት ወገን የመጀመሪያው ነበር።)

ወደ እንጀራው ስመጣ እውነቱን ልንገርዎ፦ እንቁራሪት ብቻውን አያበላም። ቋሚ ቦታ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እሱም ጥቂት። እኔን ያበላኝ የናሙናው ዲኤንኤ በመሣሪያ ከተነበበ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው። አር የሚባለውን የትንተና ፕሮግራምና ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የተማርኩት የእንቁራሪቶችን የዘር ሐረግ ዛፍ (ማን ለማን እንደሚዛመድ የሚያሳይ ሥዕል) ለመሥራት ብዬ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ዕውቀት የሰብል ዘረመል መረጃ እየተነተንኩ ልጆች አሳድጋለሁ። አማካሪ ስትመርጥ «ትንተናውን እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው ወይስ ናሙና ሰብስቤ ለሌላ ልሰጥ?» ብላ በግልጽ ትጠይቅ። ናሙና ሰብስበው ስማቸው ከጽሑፉ ግርጌ ምስጋና ላይ ብቻ የቀረ ልጆች አውቃለሁ።

ፈቃዱን ቀድማ ትጀምር፣ ይጓተታል። ለመያዝ ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ በአዋጅ 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት። ያለፈቃድ የወጣ ናሙና ኋላ ጥሩ መጽሔት ላይ አይወጣላትም።

እባቡን የፈሩት ልክ ነዎት፣ እኔም እፈራለሁ። በስድስት ዓመት እፉኝት በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ እባብ ጥሎት ከሄደ ቆዳ ዲኤንኤ ይገኛል፣ እሱን ማንሳት ማንንም አይገድልም።

ቁርጡን ለመናገር አንድ ማታ ትሞክረው። ሰኔ ሲገባ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጥቁር ውኃ በኩል እንወርዳለን፤ ከፈለጉ እርስዎም አብረዋት ይምጡ። ቦቲ ግን ይዛ ትምጣ፣ የእኔ ትርፍ 42 ቁጥር ነው።