አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ ዐቢይ ቀመር (የፋሲካ ቀኖች በቅደም ተከተላቸው የሚደጋገሙበት የዓመታት ዑደት) ለምን 532 ሆነ?

ጥያቄ፦ በባሕረ ሐሳብ (በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት ስሌት) 19 ዓመት ሲሞላ አበቅቴና መጥቅዕ (ከጨረቃ ዑደት የሚወጡት ሁለቱ የዓመት ቁጥሮች) ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ታዲያ ፋሲካ አብሮ የማይመለሰው ለምንድን ነው? እስከ 532 ድረስስ ምን አስኬደን?

መልስ፦ መጥቅዕ ቀኑን (ከወሩ ስንተኛው እንደሆነ) እንጂ ዕለቱን (ከሳምንቱ የትኛው እንደሆነ) አይነግረንምና ነው። በ2018 ዓ.ም. እንሥራው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን) 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ትርፉ ብቻ ሲያዝ) 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ (መጥቅዕ የሚወጣበት ቁጥር) 12 ነው። (ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ካልቀነሱ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።) 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል።

አሁን ዕለቱ። 7518 ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ (በየአራት ዓመቱ የሚጨመሩት ቀኖች ብዛት) 1879 ነው፤ 2 ስለተረፈ ዘመኑ የወንጌላዊው ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው በ7 ሲገደፉ 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ነውና 3 ሐሙስ ይሆናል፤ መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱና ለየበዓሉ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር) 7፤ 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ (በዓላቱ የሚወጡበት ድምር) 25፣ ጾመ ነነዌም ጥር 25። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34፣ በ30 ሲገደፍ 4፦ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ከ19 ዓመት በፊት በ1999 ዓ.ም. መጥቅዑ ያው 18 ነበር። ግን መስከረም 1 ሰኞ ስለዋለ 18 ሐሙስ ሆነ፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ብቻ ነውና ፋሲካ መጋቢት 30 ተከበረ።

76 ዓመት (19 በ4) ቢወሰድ ወንጌላዊውም ይመለሳል፤ ዕለቱ ግን አሁንም አይገጥምም። 76 ዓመትና በውስጡ ያሉት 19 ራብዒቶች 95 ናቸው፤ በ7 ሲገደፉ 4 ይተርፋል። ዕለቱ በየ76 ዓመቱ 4 ቀን ይገፋል ማለት ነው። ይህ ትርፍ የሚጠፋው ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ነው፤ 76 በ7 ደግሞ 532።

95 ዓመትን ዑደት አድርገው የሚይዙም አሉ። እውነት ነው፣ በ1923 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር፤ ዕለቱም መጥቅዑም ከ2018 ጋር አንድ ነው። ነገር ግን 1923 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የሚቀጥለውም ዓመት ወዲያው ተለያየ፦ በ1924 ሚያዝያ 23፣ በ2019 ሚያዝያ 24። አንድ ቀን ስለገጠመ ቀመር ዞረ አይባልም፤ ተከታዮቹም መግጠም አለባቸው።

ለሚያሰሉ አንድ ማቅለያ፦ 7518ን አስቀድመው በ532 ይግደፉት፤ 70 ይተርፋል። በ70 ብቻ ቢሠሩ ወንበሩም፣ ወንጌላዊውም፣ ዕለቱም ሳይዛነፍ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከዘመን ቆጠራ ውጭስ 532 የተለየ ጠባይ አለው?

መልስ፦ አለው። ባለ አምስት ጎን ከሚባሉት ቁጥሮች (1፣ 5፣ 12፣ 22፣ 35 እያሉ ከሚሄዱት) 19ኛው ነው። ቀመራቸው ተራ ቁጥሩን በሦስት አባዝቶ አንድ መቀነስ፣ የተገኘውን በራሱ በተራ ቁጥሩ ማባዛት፣ ከዚያ ለሁለት ማካፈል ነው። በ19 ሲሠራ 19 በ56 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል፣ ማለትም 19 በ28። ዐውደ አበቅቴ (19 ዓመት) እና ዐውደ ፀሐይ (ዕለትና ወንጌላዊ አብረው የሚመለሱበት 28 ዓመት) እዚያም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ፤ አጋጣሚ ቢሆንም እጅግ ያምራል።