ጠንካራ ሲግናል የሁለት ሜትር ሬዲዮን ሲያውክ፦ ጥያቄና መልስ

በሁለት ሜትር ባንድ (በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) የሚሠሩ አማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለግል ፍላጎታቸው የሚሠሩበት ሰዎች፣ ስለ ጣልቃ ገብ ድምፅ ጥያቄ አቅርበውልኛል። አብዛኞቹ የትኛውን ማጣሪያ እንደሚገዙ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ድምፁ የሚፈጠረው ሬዲዮው ውስጥ ይሁን ወይስ ውጭ እንዲለዩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። መኪናዬን ይዤ መሃል ከተማ ስገባ በ145.78 ሜጋኸርዝ ላይ የፔጀር (የኪስ መልእክት መቀበያ) ጩኸት እሰማለሁ። ፔጀር በአማተር ባንድ ይሠራል እንዴ?

መልስ፦ አይሠራም። በአሜሪካ ለፔጀር ከተመደቡት ቻናሎች መካከል 152.24 እና 158.70 ሜጋኸርዝ ይገኛሉ። ሁለቱም በኃይል ወደ ሬዲዮዎ ሲገቡ የመጀመሪያው ማጉያ ወይም ሚክሰር (ፍሪኩዌንሲን የሚቀይረው ክፍል) ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ያኔ የተቀበለውን ብቻ ማሳለፉን ትቶ አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎችን ይፈጥራል። የመጀመሪያውን ፍሪኩዌንሲ በሁለት ያባዙና ሁለተኛውን ይቀንሱለት፤ 304.48 ሲቀነስ 158.70 ልክ 145.78 ይሆናል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ የሚያሰራጭ ማንም የለም። ኢንተርሞዱሌሽን የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ከሁለቱ ጣቢያዎች አንዱ ዝም ባለ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ድምፁ እዚያው ሬዲዮዬ ውስጥ መፈጠሩን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል የ10 ዴሲቤል አቴኑዌተር (ሲግናልን የሚያዳክም ዕቃ) ያስገቡ። እውነተኛ ሲግናል 10 ዴሲቤል ብቻ ሲቀንስ፣ ሬዲዮው ራሱ የፈጠረው የዚህ ዓይነቱ ኢንተርሞዱሌሽን ግን በ30 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። የኤፍኤም ሬዲዮዎች የሲግናል መለኪያ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ባይሆንም ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በጆሮ ጭምር ይለያል፤ ጩኸቱ ድራሹ ሲጠፋ የሚፈልጉት ጣቢያ ግን መሰማቱን ይቀጥላል። እንዲያውም ደካማው ጣቢያ አቴኑዌተሩ ከገባ በኋላ ጠርቶ ከተሰማ፣ ሬዲዮዎ በጠንካራ ሲግናል ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ከሙከራው በፊት ማይክሮፎኑን ንቀሉ እላለሁ፤ በስህተት ማሰራጫው ቢነካ በአቴኑዌተሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሬዚስተሮች ይቃጠላሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። በእጅ የሚያዘው ሬዲዮዬ በራሱ አጭር አንቴና ደህና ይሰማል፤ ጣሪያ ላይ ካለው አንቴና ጋር ሳገናኘው ግን ሩቅ ያሉት ይጠፉብኛል።

መልስ፦ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች የፊት ማጣሪያቸው ደካማ በመሆኑ፣ ትልቁ አንቴና ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉትን የኤፍኤም ጣቢያዎች ኃይል ሁሉ ጠራርጎ ያስገባባቸዋል። የተሻለው መድኃኒት ሁለት ሜትርን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ ካላገኙና የሚያስቸግርዎ በቅርብ ያለ አንድ ጣቢያ ከሆነ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ የኮአክሲያል ኬብል ቁራጭ በቲ ማገናኛ ከመስመሩ ጋር ያያይዙ። ጣቢያው በ98 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከሆነ፣ የፍጥነት መጠኑ 0.66 ለሆነ (ሲግናል በብርሃን ፍጥነት 0.66 እጥፍ ለሚጓዝበት) ኬብል ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ትንሽ አስረዝመው ይቁረጡና ጣቢያው እስኪደክም ድረስ ጫፉን በጥቂት ሚሊሜትር ይከርክሙ። ይህ ቁራጭ በ145 ሜጋኸርዝ ላይ እንደ ኢንዳክተር (እንደ ሽቦ ጥቅል) ስለሚሆን፣ በዚያው ማገናኛ ላይ 23 ፒኮፋራድ አካባቢ የሚደርስ ተስተካካይ ካፓሲተር ካልታከለበት የሚፈልጉትንም ሲግናል ይጎዳብዎታል።

ጥያቄ፦ ማጉያ ብጨምርስ?

መልስ፦ ያባብሰዋል። ማጉያ የሚያስፈልገው ከማጣሪያ በኋላ፣ እሱም የኬብሉ ብክነት ሲያስገድድ ነው። የቶን ስኬልችም (የተመረጠ ቶን የሌለውን ሲግናል ድምፅ የሚዘጋው) ቢሆን ጩኸቱን ከጆሮዎ ይሸሽጋል እንጂ የታፈነውን ሬዲዮ አይፈውስም።

ጥያቄ፦ አቴኑዌተሩን አስገብቼ ጩኸቱም ጣቢያውም እኩል ቀነሱ።

መልስ፦ እንግዲያው ጩኸቱ የሚመጣው ከውጭ ተሠርቶ ነው፤ ሬዲዮው ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው። ምንጩ የሌላ ማሰራጫ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ የዛገ ብረትም ሊሆን ይችላል፣ ዝገት በሁለት ብረቶች መካከል ሲገባ እንደ ዳዮድ ሆኖ ሲግናሎችን ያደባልቃልና። እኔ ለሳምንታት ሬዲዮዬን ስጠራጠር ከቆየሁ በኋላ ጩኸቱ ዝናብ ሲዘንብ እንደሚጠፋ አስተዋልሁ። መሰላል ጥዬ የጣሪያውን አሸንዳ በእንጨት ዘንግ ነካ ነካ ሳደርግ፣ ሁለቱ ቁራጮች በሚጋጠሙበት የዛገ ቦታ ላይ ድምፁ በየምቱ ይቆራረጥ ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ መጋጠሚያውን በሁለት ብሎን አጥብቄ አሰርሁት፤ ከዚያ በኋላ በዘንጉ ብመታውም ምንም አልተሰማም።