ከሕፃናት ጋር ወደ በርሊን ማራቶን

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲሆን የሰባትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በበርሊን ማራቶን ለመሮጥ ዕጣ ወጥቶለታል። በዚሁ ምክንያት በ10 ቀን ውስጥ ፓሪስንና ሮምን ለልጆቹ አሳይተን በመጨረሻ በርሊን ለመግባት አስበናል። እህቴ ፍራንክፈርት ትኖራለች። ዕቅዳችን ያስኬዳል? በውድድሩ ዕለትስ ልጆቹን ይዤ የት ብቆም ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙዎች በየዓመቱ አመልክተው የማያገኙት ዕድል ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። ስለ ዕቅዱ ግን በግልጽ እንንገርዎ፤ ሮምንም ፓሪስንም ለሌላ ዓመት ያቆዩአቸው። ሻንጣና የልጅ ጋሪ እየጎተተ ሁለት ከተማ ሲዞር የሰነበተ አባት 42 ኪሎ ሜትሩን በደከመ እግር ይጀምራል፤ ልጆቹም በየሦስት ቀኑ አልጋ ሲቀያየርባቸው እንቅልፋቸው ይዛባል።

ከውድድሩ በፊት ያለው ጊዜ በሙሉ የበርሊን ይሁን። ሩጫው የሚካሄደው እሑድ ስለሆነ ቢዘገይ ረቡዕ ብትደርሱ መልካም ነው። እናንተ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በርሊን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚሆን፣ ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከሆቴል ይልቅ ሁለት መኝታ ክፍልና ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይታችሁ ባለቤትዎ ለብቻቸው ቢተኙ እንመክራለን።

የመሮጫ ቁጥራቸውን ራሳቸው መታወቂያ ይዘው እስከ ቅዳሜ መውሰድ አለባቸው፤ እሑድ ጠዋት አይሰጥም። ቁጥሩ የሚታደለው በቀድሞው የቴምፐልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተዘጋ በኋላ ሜዳው የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። እሳቸው ሲሰለፉ ልጆቹ በአሮጌው ማኮብኮቢያ ላይ እንደ ልባቸው ይሩጡበት። በጀርመን እሑድ ሱቆች ስለሚዘጉ ወተቱን፣ ዳይፐሩንና ሙዙን ቅዳሜ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ብራንደንቡርግ በር አጠገብ አይቁሙ። ሯጮቹ መጨረሻ ላይ በበሩ ሥር ማለፋቸው ቢያጓጓም፣ ሕዝቡ በጣም ስለሚበዛ የሦስት ዓመት ልጅ ከሰው ጀርባ በስተቀር የሚያየው የለም፤ መንገዶቹም ስለሚዘጉ ጋሪ ይዞ መሻገር አይቻልም። ይልቁንስ በዮርክ ሽትራሰ፣ በግላይስድራይኤክ መናፈሻ አቅራቢያ ይሁኑ። መናፈሻው ሰፋፊ የልጆች መጫወቻዎች አሉት፤ ሯጮቹ የመንገዱን ግማሽ ሊያገባድዱ ሲሉ በዚያ ያልፋሉ፤ ከ36ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ብዙም በማይርቀው በፖትስዳመር ሽትራሰ በኩል ይመለሳሉ። ባለቤትዎን ሳይሯሯጡ ሁለት ጊዜ ያዩአቸዋል ማለት ነው። በምድር ባቡር ሲሄዱ ሁሉም ጣቢያ አሳንሰር ስለሌለው አስቀድመው ያጣሩ።

ሩጫው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲጀመር ግንባር ቀደሞቹ እርስዎ ዘንድ የሚደርሱት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ለሰባት ዓመቱ ልጅ አስቀድመው ይንገሩት፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2007 እና በ2008 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በ2፡01፡41 ገብቶ ክብረ ወሰኑን በሁለት ሰከንድ ብቻ የሳተው፣ ትዕግሥት አሰፋም በ2023 በ2፡11፡53 የሴቶቹን የሰበረችው በዚሁ ከተማ ጎዳናዎች ላይ ነው። ይህን የሰማ ልጅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራውን ይዞ ሯጮቹን በጉጉት ይጠብቃል። መድረሻው አካባቢ የታጠረ ስለሆነ፣ ሩጫው ሲያበቃ የምትገናኙበትን ቦታ ቅዳሜ ማታ ተስማሙ፤ ሯጩ ስልክ ላይይዝ ይችላል።

እህትዎን ግን በፍራንክፈርት አይጠብቋቸው። ባቡሩ አራት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ለቅዳሜና እሑድ በርሊን ይምጡ፤ በዚያ ዕለት የአንዲት አክስት እጅ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጣል። ከዚያም ባለቤትዎ ሁለት ቀን ካረፉ በኋላ አብራችሁ ወደ ፍራንክፈርት ሄዳችሁ በቀሪው ጊዜ እሳቸው ዘንድ ሰንብቱ። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ሰሞን ስለሚውል በዓሉንም ከዘመድ ጋር ማሳለፍ ትችሉ ይሆናል። የአውሮፕላን ትኬቱን መሄጃው ወደ በርሊን፣ መመለሻው ከፍራንክፈርት አድርጋችሁ ቁረጡ። በጀርመን የረዥም ርቀት ባቡር ከወላጅ ጋር የሚጓዙ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ ሆኖም የሰባት ዓመቱ ልጅ በእናንተ ትኬት ላይ መመዝገብ አለበት፤ መቀመጫም ለየብቻ ይያዝ።

የልጆቹን ፓስፖርት ዛሬውኑ ይመልከቱ። የአሜሪካ የልጆች ፓስፖርት የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ የሦስት ወር ዕድሜ ሊኖረው ይገባል፤ አዲስ ለማውጣትም በመደበኛው አሠራር ሁለታችሁም ከልጆቹ ጋር በአካል መቅረብ ይኖርባችኋል።