በሰኔ እሺ ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንቅልፍ የሚያጣበት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ወር ሁሌም የማየው አንድ ነገር አለ። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናልና የግዥ ጥያቄ ይጎርፋል። ወንበር፣ ቶነር፣ ሥልጠና። ከሚገዛው ውስጥ ቀላል የማይባለው የማያስፈልግ ነው። የሚገዛው ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ ነው።

እናንተም ክረምቱን እንደዚህ ስትይዙት አያለሁ። ሁለት ወር ክፍት ሆኖ ሲታያችሁ ባክኖ እንዳይቀር ትፈራላችሁ። ኮዲንግ ትመዘገባላችሁ። መንጃ ፈቃድ ትጀምራላችሁ። የጎረቤት ልጆች ማስጠናት ትቀበላላችሁ። በጎ ፈቃድ አለ፣ ችግኝ ተከላ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፣ ጂም አለ። አንዱም መጥፎ ነገር የለበትም። ለዚህ ነው እምቢ ማለት የሚከብደው።

ያልሠራችሁበት ሰዓት ግን ማንም ግምጃ ቤት አይወስደውም። የእናንተው ነው። ያረፋችሁበት ከሰዓት በኋላ፣ ከወንድማችሁ ጋር ስታወሩ የመሸበት ቀን የባከነ በጀት አይደለም። ይህን ከልባችሁ እንድታምኑልኝ እፈልጋለሁ።

በሒሳብ ክፍል አንድ ጥሩ ልማድ አለ። የግዥ ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት ቀሪ በጀት ይታያል። የተከፈለው ብቻ አይቀነስም፤ ውል የተገባበትም ይቀነሳል። ዕቃው ገና ባይመጣም ገንዘቡ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። ሰዓታችሁንም እንዲህ ቁጠሩት። ወረቀት አውጡና አብረን እናስላ።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 56ቱ እንቅልፍ ነው፤ እሱን አትንኩ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ መደበኛው ሥራ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። ታክሲ በቀን ሁለት ሰዓት ቢበላ፣ በስድስት ቀን 12 ነው። መብላት፣ መታጠብ፣ ልብስ፣ የቤት ጉዳይ በቀን ሦስት ሰዓት ብንል 21። ለጸሎት፣ ለዘመድ፣ ለለቅሶና ለታመመ ጥየቃ 8 እንያዝ። የቀረው 23 ሰዓት ነው። የማታ ትምህርት ከነጥናቱ 15 ከወሰደ 8 ይቀራል። አሁን ኮዲንጉን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ጂሙንና ሦስት የሚጠኑ ልጆችን በስምንት ሰዓት ውስጥ አስገቡልኝ።

አይገባም። ሲገባ የምታዩት ከእንቅልፉ ስለተሰረቀ ነው።

ይህም ስሌት ራሱ ለጋስ ነው። ሰው ሥራው የሚወስድበትን ጊዜ ሲገምት አሳንሶ ነው የሚገምተው። ሮጀር ቡለር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ በካናዳ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ ትጨርሳላችሁ ብለው ጠየቁ። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ነበር። በተግባር 55 ቀን ተኩል ወሰደባቸው። «ሁሉ ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር፤ እሱም አልበቃም። እነዚህ ሰነፎች አልነበሩም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ሰዎች ናቸው።

የእኛ ክረምት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዝናቡ ሲወርድ የመገናኛና የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይረዝማል። መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው። የሚጾም ሰው ቅዳሴ ቆሞ፣ ዘግይቶ በልቶ እንደ ሌላው ወር መሮጥ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ስለዚህ ለማንኛውም ሥራ የገመታችሁት ጊዜ ላይ ግማሹን ጨምሩበት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችሁን የሚጥላችሁ ይሉኝታ ነው። በቅርብ የማውቀው አንድ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ በተመረቀ በዓመቱ የሦስት ዘመድ ሱቅ ሒሳብ ያዘ። ሐምሌ አነስተኛ ነጋዴዎች ግብር የሚያሳውቁበት ወር ነው። የመሥሪያ ቤቱም የሒሳብ መዝጊያ ሩጫ ገና አላለቀም። ልጁ ሌሊት ሌሊት ሲሠራ የአንዱን ሱቅ ሽያጭ በሌላው መዝገብ ላይ አስገባ። ብር አልተቀበለም፤ በነፃ ነበር የሚሠራው። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ዘመዶች አኮረፉት። በሰኔ አንዱን ብቻ ቢይዝ፣ ቢያንስ አንዱ ያመሰግነው ነበር።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብለን አድገናል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ተብለናልም። ሁለት ጥሩ ነው። ኑሮ ተወዷል፣ ደመወዝ አይበቃም፣ ተጨማሪ ገቢ የሚፈልገውን ልጅ አልወቅስም። ግን ሰባት ባላ የተከለ ሰው አንዱንም አጥብቆ ለመትከል ጊዜ የለውም።

ታላቅን ሰው «አይሆንም» ማለት ለእኛ ይከብዳል። ስለዚህ አነጋገሩን ላቀብላችሁ። ለጎረቤት ወይም ለዘመድ፦ «ጋሼ፣ አሁን የያዝኩትን ሳልጨርስ የእርስዎን ብቀበል አበላሽብዎታለሁ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ከሆነ ግን በደስታ እሠራለሁ።» ይህ ስድብ አይደለም፤ ጋሼም ይገባቸዋል። ለአለቃ ደግሞ፦ «ይህን ልጀምር፤ ከያዝኳቸው የትኛውን ላዘግየው?» ምርጫውን ለእሱ ስጡት። ለጓደኛ «ነገ ልንገርህ» በቂ ነው። አንድ ሌሊት ያደረ ጥያቄ ጠዋት ላይ ትክክለኛ መጠኑ ይታያል። ቀጣሪያችሁ ትርፍ ሰዓት ሲያበዛባችሁም ሕጉን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

ለሴቶች ልጆቼ ለብቻ የምለው አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ስትመለሱ ወንድማችሁ «ደክሞት ነው የመጣው» ይባላል። እናንተ «እንኳን መጣሽ» ተብላችሁ ወጥ ቤት ትገባላችሁ። ታናናሾችን ማስጠናቱም፣ የእንቁጣጣሽ ጽዳቱም ለእናንተ ይቀራል። ከላይ ባሰላነው ወረቀት ላይ ይህን ሥራ በሰዓት ጻፉት። ጽፋችሁም ለእናታችሁና ለአባታችሁ አሳዩ። ብዙ ወላጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተቆጥሮ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ወላጆችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ወንዱንም ሳህን አስይዙት።

ጭንቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ይናገራል። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅታችሁ ስለ ሥራ ታስባላችሁ። ትንሽ ነገር ያስቆጣችኋል። የምትወዱት ሥራ ያንገሸግሻችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ሲገልጽ ሦስት ነገር ጠቅሷል፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። እነዚህን ስታዩ ቡና አትጨምሩ፤ ከያዛችሁት አንዱን ቀንሱ። ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን ጉዳዩ የሰዓት ስሌት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ለሐኪም ንገሩ። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አማኑኤል መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሰው ጥርሱን ሲያመው አይሄድም እንዴ?

ተቀጣሪዎች፣ የዓመት ፈቃዳችሁን አትርሱት። በዚያው አዋጅ መሠረት የመጀመሪያውን ዓመት ላገለገለ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ጥቂቱን ጳጉሜን ላይ አድርጉት። ቀኖቹ አምስት ወይም ስድስት ናቸው፣ መስከረም 1 በዓል ነው፣ ከዚያ ትምህርት ቤትና አዲስ ዓመት ሁሉንም ይዞ ይመጣል። ግን ጳጉሜን ሁሉም ሰው ይፈልጋታል። የፈቃድ ቅጹን አሁን በሰኔ ሞልታችሁ አስገቡ፤ ነሐሴ ላይ ከጠየቃችሁ ተራው ለሌላ ሰው ሄዷል።