ፈራሁት እና ፈራሁለት

ልጆች፣ ደሴ ላይ «ፈራሁ» የሚል ወንድ ብዙ አላጋጠመኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰመመን ሰጪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተቀብዬ፣ አስተኝቼ፣ ቀስቅሼ ስሸኝ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አልጋው ላይ ተጋድሞ እጁ የሚንቀጠቀጥ አባወራ «ምነው?» ሲባል መልሱ አንድ ነው። «በርዶኝ ነው።»

ደሴ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅባት፣ በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ታስለብሳለች። ታካሚው ሞቅ ካለችው ከኮምቦልቻ የመጣ ከሆነማ ሰበቡ ሙሉ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ ግን ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። «አይ የናንተ አገር ብርድ!» ይልና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይስባል።

መጀመሪያ ሰሞን በሆዴ እስቅባቸው ነበር። ኋላ ግን እንደማይዋሹ ገባኝ። ሰው ሲፈራ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ትንንሽ እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይሮጣል፣ አፍ ይደርቃል። የቆዳው ደም ሥሮች ስለሚጠቡ ደሙ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ጣት ይቀዘቅዛል። እና ሰውዬው እውነቱን ነው፣ በርዶታል። ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።

ስለዚህ ስም ጉዳይ ነው ልጽፍላችሁ የፈለግሁት። አማርኛ ስለ ፍርሃት ሲያወራ ሁለት ምላስ አለው። «ፈሪ» ብለህ ሰው ብትሰድብ ጠብ ነው። ሰኞ ገበያ ውስጥ «አላህን ፈሪ ነጋዴ ነው» ካልክለት ግን ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ልጅ» ስትባል ለጋብቻ ነው የምትታጨው። ቃሉ ያው ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ተፈሪ ነበር። የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ መፈራትና መከበር ሁልጊዜም አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።

ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ፈሪ ስድብ ከሆነ ደፋር ሙገሳ መሆን ነበረበት፣ አይደል? እስቲ እናታችሁ «አንቺ ደፋር!» ስትል ድምጿን አስታውሱት። እንግዳ ፊት አፉን የከፈተ ልጅ ደፋር ነው። ለታላቁ የመለሰ ደፋር ነው። ልጅ ሆነን ስናድግ ግራ ቀኙ ስድብ ነበር። ብትፈራ ፈሪ፣ ባትፈራ ደፋር። ታዲያ እኛ ሰዎች መሥሪያ ቤት ስንገባ ስብሰባ ላይ ዝም ብንል ምን ይገርማል?

ሥራዬ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ። ድንጋጤ ላይ ወሬ አይሠራም። ክው ያለ ሰው አይሰማህም፤ እጁን ይዘህ «አብሽር» ብለህ ትንሽ ዝም ማለት ነው። ስጋት ግን ጥያቄ አለው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ ልወጋቸው ስል ዞር ብለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሽባ ያደርጋል ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር መሥራት ደስ ይለኛል። የፈሩትን በቃል አስቀመጡልኝ። መርፌው የት እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚያደነዝዝ፣ እግራቸው በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ነገርኳቸው። የደም ግፊታቸው ከፊቴ ወረደ። «በርዶኝ ነው» የሚለውን ሰውዬ ግን በምን ልርዳው? ሌላ ብርድ ልብስ ነው የምደርብለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ያየ ሰው፣ ዛሬም በር ጓ ሲል ሊበረግግ ይችላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ተረቱ ብዙ ጊዜ ለፌዝ ነው የሚጠራው። እናንተ አታፊዙበት። ያ ሰው እባቡን አይቶታል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው፤ ሆስፒታሉን ልተወው። ቡአ ሊሠራለት የመጣ ወጣት ገበሬ ነበር። «ምግብ ቀምሰሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም አልቀመስኩም» አለኝ። መርፌ ልተክልለት እጁን ስይዘው ጣቱን አየሁት። ታጥቧል፣ ንጹህ ነው። ግን የጥፍሩ ሥር ቀይ ነው። በርበሬ።

ይህ ለምን ያስፈራል ብትሉ፣ ሰው በሰመመን ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል። ከጨጓራ ወደ ላይ የመጣ ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚከላከል ሳል የለም። ለዚህ ነው ጠጣር ምግብ ከተበላ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት፣ ውሃ ብቻ ከሆነ 2 ሰዓት የምንጠብቀው። ይህን በፈተና ላይ በደንብ ጽፌዋለሁ። በርበሬውንም አይቻለሁ። ቀና ስል ግን ሐኪሙ እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንት አድርገው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው ይጠብቁኛል። ቁጡ ናቸው ይባላል። ለጥፍር ብሎ ቀዶ ሕክምና የሚያስቆም የሦስት ወር ልጅ ማን ነው? ዝም አልኩ። አስተኛሁት።

አስታወከ። አልጋውን በጭንቅላቱ በኩል ዝቅ አደረግን፣ ወደ ጎን አዞርነው፣ ጉሮሮውን በማሽን መጠጥነው። ያቺን ጥቂት ደቂቃ እስከ ዛሬ አልጨረስኳትም። ልጁ ተረፈ። ግን ስምንት ቀን ኦክስጅን ላይ ሆኖ አሳለው። በኋላ እንደነገረኝ፣ በግ ሸጦ ነበር የመጣው። በልቻለሁ ቢል ቀጠሮው ይራዘምብኛል ብሎ ሰጋ። እሱ እኔን ፈርቶ ዋሸ። እኔ ሐኪሙን ፈርቼ ዝም አልኩ።

ማታ ሐኪሙ ጠሩኝ። ስድቡን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አልተሳደቡም።

«አይተህ ነበር?»

«አዎ፣ ጥፍሩ ላይ በርበሬ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እኔን ፈራኸኝ። ለእሱስ አልፈራህለትም?» አሉኝ።

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔ ግን ያቺን «ለ» ይዣት ወጣሁ። ፈራሁት እና ፈራሁለት። አንዲት ፊደል ናት መሐላቸው የገባችው። ፈራሁት ስል ስለ ራሴ ነው የማወራው፤ ስሜ፣ ደመወዜ፣ የሚመጣብኝ ቁጣ። ፈራሁለት ስል ዓይኔ ሌላ ሰው ላይ ነው። ሁለቱም ሆድ ያንቦጫቡጫሉ፣ ሁለቱም እጅ ያቀዘቅዛሉ። በአካል አትለዩአቸውም። የምትለዩአቸው «ለማን ነው የፈራሁት?» ብላችሁ ስትጠይቁ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አፌ ሊዘጋ ሲል ይቺን እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ተናግሬአለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የማፍርባቸው ዝምታዎች አሉኝ፤ ግን ቁጥራቸው ቀንሷል።

ጡረታ ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች። ሐምሌ ነው፣ ውጪው ጉም ነው፣ ተራው ረጅም ነው፣ እኔም ደክሞኛል። ሁለት መድኃኒት ቀድቼ ትሪው ላይ አስቀምጫለሁ። ሲሪንጆቹ መንታ ናቸው። አንዱን አንስቼ ልሰጥ ስል ከኋላዬ ድምጽ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና... እሱ ላይ ስም አልተጻፈበትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ይቺ ልታስተምረኝ? ከዚያ ሲሪንጁን አየሁት። ባዶ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። የትኛው እንደሆነ ልምል አልችልም ነበር። ሁለቱንም ደፋሁና አዲስ ቀዳሁ፣ ጻፍኩባቸው።

ዞር ስል ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«ምነው?» አልኳት።

«በርዶኝ ነው» አለችኝ።

«እኔንም» አልኳት።