ቱቦላሬ ኮለን ውስጥ ግራውት ብሞላ አቅሙ እጥፍ ይሆናል ወይ?

ጠያቂው ወንድማችን ማራኪ ሰፈር ለበረንዳ ኮለን (ምሰሶ) የሚሆን 100 በ100 ሚሊሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ ሊያቆም ነው። ግራውት (የሚፈስ የሲሚንቶ ድብልቅ) ብሞላበት አቅሙ እጥፍ ይሆናል ወይ ብሏል።

በወረቀት ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብረቱ 1,164 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጥንካሬው 235 ሜጋፓስካል ከሆነ ብቻውን 28 ቶን ያህል ይሸከማል። የውስጡ ግራውት ጥንካሬ 25 ሜጋፓስካል ከሆነ 22 ቶን ይጨምራል። 50 ቶን ብለህ ግን እንዳትፈነጥዝ። ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ በመጉበጥ ብቻ ሲሶው ገደማ ይሄዳል፤ የደህንነት ቅናሹ ገና አልተነካም።

ክብ ቱቦ ግራውቱን ዙሪያውን እንደ መቀነት ጠፍሮ ይይዘዋል፤ ከድምሩም በላይ ሊያተርፍህ ይችላል። አራት ማዕዘኑ ግን ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ውጭ ያብጣል። ደህና የሚይዙት ማዕዘኖቹ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ደምር፣ ሌላ ትርፍ አትጠብቅ። ጎኑ ከውፍረቱ 52 እጥፍ መብለጥም የለበትም። ለ100 ቱቦላሬ 2 ሚሊ ለጥቂት ያልፋል፣ 1.5 ይወድቃል። ሱቅ ስትሄድ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዝ! እኔ «ባለ 2» ተብሎ የተሸጠልኝን ለክቼ 1.6 አግኝቻለሁ።

ትልቁ ጣጣ ግን አሞላሉ ነው። አዘዞ አንድ ሥራ ላይ ልጆቹ እንዲፈስላቸው ውኃ አብዝተው ከላይ ገለበጡት። በማግስቱ ግራውቱ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል፣ አናቱ ላይ ውኃ አቁሯል። በያጁ ምንም ሳይል የአናቱን የብረት ክዳን በየደበት። በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ከታች ድፍን ነው፣ አናቱ ጋ ሲደርስ የባዶ በርሜል ድምፅ አወጣ። ሸክሙ የሚመጣው በክዳኑ ነው። ክዳኑ ግራውቱን ካልነካ የሚሸከመው ብረቱ ብቻ ነው፤ ያ 22 ቶን ውስጥ ተቀምጦ ይታዘባል። ክዳኑን ፈልጠን ሲደርቅ በማይኮማተር ግራውት ሞላነው። የከፈልኩት እኔው ነኝ።

አሁን ክዳኑን ቀድሜ አስበይድና መሐሉ ላይ ቀዳዳ እተዋለሁ። ውኃ ቀንሼ፣ በየግማሽ ሜትሩ ጎኑን እየደበደብኩ፣ በቀዳዳው እስኪተፋ እሞላለሁ። በማግስቱ አይቼ የጎደለውን እጨምራለሁ።

ለእሳት ደግሞ በየፎቁ ከላይና ከታች ከ20 ሚሊሜትር ያላነሰ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ቱቦውን ይቀደዋል። ስትሞላ በእንጨት ወትፈው፣ ሲደርቅ ንቀለው። ቀለም ቀቢውንም አደራ በለው፤ ስቱኮ ካገኘ ቀዳዳ አያሳልፍም።